ጨዋታ ላይ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ወንድሜ ከሳዑዲ የተመለሰው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በተመለሰበት ዓመት ነው። መካነ ሰላም መናኸሪያ ሲወርድ ሻንጣ አልነበረውም። አንድ ፌስታል ልብስና ግማሹ ድረስ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ነበር። እናቴ አቅፋው ስታለቅስ እኔ ከኋላ ቆሜ ፌስታሉን ተቀበልኩት። ምን ብዬ እንደምቀበለው አላወቅሁም። ሲሄድ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሲመለስ ትምህርት ካቋረጥኩ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር አልችልም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ጓዳውን ከፊት ለፊቱ ክፍል የሚለየው መጋረጃ ነው፤ በቤታችን የሆነውን አብዛኛውን ነገር የሰማሁትም ያየሁትም ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነው።

ወንድሜ ውኃ ጨርሶ አይጠጣም። ከጠርሙሱ ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ያስቀራል። እናቴ የበረሃ ልማድ ነው ትል ነበር። ምክንያቱን አንድ ቀን ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት። ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባዋ ላይ ውኃ አለቀ። አጠገቡ የተቀመጠው የወግዲ ሰው ወንድሜን ትንሽ እንዲያቀምሰው ለመነው፤ ወንድሜ ጨርሶ ነበር። ሰውየውን በማግስቱ ወደ ባሕሩ ጣሉት። ይህን ለእናቴ አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም።

ሁለት ወር ያህል ከቤት ሳይወጣ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ደሴ ሄዶ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ መጣ። ሪያድ ሳሉ ዓርብ ዓርብ እሱና አንድ ክፍል አብረውት የሚኖሩት ጓደኞቹ የኳስ ጌም ይጫወቱ እንደነበር፣ እሱን የሚያሸንፈው እንዳልነበረ ነገረን። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍላችንን አጽድቶ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገባ፤ ሁለት ጆይስቲክ ሰካ፤ በሩን ከፈተ። የሰፈሩ ጎልማሶች እየከፈሉ ሊጫወቱ ነው። ያን ቀን እናቴን እንዲህ አላት፦

«ይሄ ከሠራ አልሄድም።»

እናቴ ቃሉን እንደ መሐላ ያዘችው። እኔም ያዝኩት።

እኔ ለዚያ ቤት ልሰጥ የምችለው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ኪሮሽ እችላለሁ። በእኛ አገር ቤት ውስጥ ያለ ዋጋ ያለው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮው ልብስ አለው፣ ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፣ የብርጭቆው ትሪም እንኳ የራሱ ዳንቴል አለው። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ልብስ ጀመርኩ። ለስክሪኑ ነጭ ሠራሁ። ሲፒዩ ለሚሉት ሣጥን ደግሞ ነጭና ቢጫ፣ ዙሪያውን ቅጠል ያለው፣ ከላይ እንደ ቀሚስ የሚጠልቅ። ሣጥኑ በጎኑና በጀርባው ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አለው። ዳንቴሉ ራሱ ቀዳዳ ስለሆነ አቧራ እንዳይገባበት ከውስጥ ወፍራም አቡጀዲ ሰፋሁበት፤ ከኋላ በኩል ሽቦዎቹ የሚወጡበትን ብቻ ትቼ በላስቲክ ሰበሰብኩት። ፊቱ ላይ ለማብሪያው ቁልፍ አንድ ክብ ከፈትኩለት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ወንድሜ ሲያየው እጁን እላዩ ላይ አሳረፈና «እታለም፣ ይሄማ ሙሽራ ሆነ» አለኝ። ከመጣ ጀምሮ ለእኔ ለብቻዬ ያለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

መጥፋት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ዛሬ ስጽፈው ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን ሁለቱን ነገሮች ማንም አላገናኛቸውም። ዘፈን ሲከፈትበት ምንም አይሆንም። ፊልም ሲታይበትም ደህና ነው። ኳሱ ተጀምሮ ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ሲሆን ግን ሥዕሉ ቀጥ ይላል፤ የጌሙ ተመልካች ጩኸት አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል። ወንድሜ መልሶ ያበራዋል፤ ትንሽ ይጫወታሉ፤ ደግሞ ይጠፋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይፈጥናል።

ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሁልጊዜ ሊያሸንፍ ሲል እንደሚጠፋበት ይምል ነበር።

«ሁለት ለባዶ ስመራ ጠብቆ ነው የሚሞተው። ይሄ ኮምፒውተር ደጋፊ አለው።»

አብሮት የሚጫወተው የወፍጮ ቤቱ ሰው «አንተ ስትመራማ እኔም ብሆን ደንግጬ እሞታለሁ» ይለዋል። ወንድሜም አብሮ ይስቅና የከፈሉትን ይመልስላቸዋል። እየቆየ ግን ሳቁም ቀረ፤ የሚመጣው ሰውም ቀነሰ።

ወንድሜ ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ መብራቱ ነው አሉት፤ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። ስታቢላይዘር ገዛ። ቀጥሎ ቫይረስ ነው አሉት፤ ወረዳ ቢሮ የሚሠራ አንድ ሰው መጥቶ ፎርማት አደረገለት፤ ጌሙ እንደገና ተጫነ። ኳሱ ሲጀመር ያው ሆነ። ከዚያ ሣጥኑን ከፍቶ ራም የሚሉትን ቁራጭ አወጣና ጥርሱን በላጲስ እያሸ አጸዳው። ላጲሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል የቀረ ነበር። ለአንድ ጨዋታ ያህል ደህና ሠራ፤ ዳንቴሉን መልሼ አለበስኩት፤ ጠፋ።

በመጨረሻ ደሴ ወሰደው። በአውቶብሱ አቧራ ልብሱ እንዳይቆሽሽ እናቴ አውልቃ ሣጥኑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለችለት። የጥገና ቤቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያጫውቱት ዋሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ምንም የለበትም አሉት። በማግስቱ ተመልሶ ቤት ገባ፣ ልብሱን ለበሰ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ጠፋ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት አላስፈለጋትም። ደሴ ደህና ውሎ እዚህ የሚታመም ከሆነ የሰው ዐይን ነው፤ መንገደኛው ሁሉ በበሩ እያየ ነው የሚያልፈው። ዱአ አስደረገች። ጠረጴዛውን ከበሩ አርቃ ከማዕዘኑ ግድግዳ ጋር አስጠጋችው። እኔንም ፊቱ ላይ የተውኩትን ክብ እንዳጠበው አዘዘችኝ። ብርድም ነው የሚመታው አለች። በእኛ ደጋ ክረምቱን አልጋ ላይ ያለ ሰው እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱማ እንዴት አይበርደው። ስለዚህ ማታ ማታ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ትደርብበት ጀመር፤ ጠዋት አንዳንዴ ማንሳቱን ትረሳዋለች።

ወንድሜ ግን መናገር እየተወ ሄደ። ሰው ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረው ደላላ ቤታችን መምጣት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ አየሩ ያወራል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ በመጨረሻ መንገዱ አሁን ጥሩ ነው ይላል። የትኛው መንገድ እንደሆነ መጋረጃው ውስጥ ያለሁትም አውቀዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ልብሱ ሻይ ተደፋበት። አውልቄ አጠብኩትና ውጭ አሰጣሁት። ገበያተኛው ስለበዛ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ልብስ ሰፊው አምስት ጊዜ ተሸነፈ፤ አንዴም አልጠፋም። ወንድሜ መብራቱ ዛሬ ደህና ነው አለ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ልብሱ ደረቀ። አለበስኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተጣብቆ አጓራና ጠፋ። ያን ጊዜ ለማስተካከል ብዬ እጄን ከልብሱ ሥር ከኋላ አስገባሁ፤ ከምድጃ አጠገብ የከረመ ድንጋይ የነካሁ መሰለኝ። እጄን ፈጥኜ አወጣሁ።

ዓርብ ወንድሜ ለጁምዓ መስጊድ ሄደ፤ እናቴ ጎረቤት ነበረች። በሩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን አበራሁት። ነክቼው አላውቅም ነበር፤ በመጋረጃው ሳይ ግን የትኛው ተጭኖ የትኛው እንደሚከተል ተምሬያለሁ። ጌሙን ከፈትኩና ሁለቱንም ጆይስቲክ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱን ቡድን በየተራ ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ተጫዋቾቹ ግራ ገብቷቸው ይዞራሉ። ከልብሱ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ጠፋ። አወለቅኩት፤ እስኪበርድ ጠበቅኩ፤ እንደገና ከፈትኩ። አሁን በጎኑና በጀርባው ያለው ወንፊት ሞቅ ያለ አየር እንደሚተፋ በጉንጬ አየሁ። ትንፋሹ ነበር። ሰዎቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ድምፃቸውን እስክሰማ ድረስ ሠራ፤ አልጠፋም።

አጠፋሁትና ልብሱን መልሼ አጠለቅኩበት። ሦስት ሳምንት የሠራሁት፣ ሙሽራ ሆነ የተባለልኝ እሱ ነው። ስታቢላይዘሩ፣ ፎርማቱ፣ የደሴው መንገድ፣ የእናቴ ዱአ፣ ሁሉም ከእኔ ኪሮሽ የተነሣ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ ምሳ ላይ ልነግረው ቆርጬ ነበር። ቃሉን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ምሳ ላይ እሱ ቀደመኝ። አጅባር ውስጥ ጌም ቤት ያለው ሰው ኮምፒውተሩን ሊገዛው እሑድ ይመጣል አለ። አንዳንዴ ይጠፋል ብሎ ነግሮታል፤ ሰውየውም አንዳንዴ ብቻ ከሆነ አሠራዋለሁ ብሏል። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች።

«ከዚያስ?» አለችው።

«ከዚያ ማክሰኞ ከእነዚያ ሁለቱ ጋር እወጣለሁ። በሽያጩ።»

ሁለቱን እናውቃቸዋለን፤ ደላላው ሊያሻግራቸው የተስማሙ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። እናቴ ተነሥታ ወጣች። እኔ የተዘጋጀው ቃል አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረሁ። ብነግረው ኮምፒውተሩ ይድናል፤ ከዳነ ይሸጣል፤ ከተሸጠ ወደዚያ ጀልባ ይሄዳል። ወይም ቢድንለት ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ፊቱን እያየሁ ልለየው ሞከርኩ። ጠርሙሱን አንሥቶ ጠጣ፤ እንደ ልማዱ ትንሽ አስቀረና ከደነው። ሳህኖቹን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ።

ቅዳሜ ልብሱን አውልቆ ሣጥኑን ወለወለው፤ ልብሱን አግዳሚው ላይ ተወው። እሑድ ጠዋት ሰውየው መናኸሪያ ደረሰ ሲባል ወንድሜ ሊቀበለው ወጣ። እናቴ ክፍሉን እየጠረገች ሳለ ራቁቱን የቆመውን ሣጥን አየችው።

«እንግዳ ሊገባ ነው፤ አልብሽው እንጂ» አለችኝ።

ለእሷ ከዚህ የበለጠ ትርጉም አልነበረውም። ለሽያጭም ቢሆን እንግዳ ፊት ዕቃ ራቁቱን አይቆምም። ልብሱን አነሣሁት። እጄ ላይ ቀላል ነበር። አጠለቅኩት፤ ከኋላ ላስቲኩን ሳብኩት፤ ከእናቴ በቀር ማንም አላየኝም፤ እሷም ምን እንዳደረግኩ አላወቀችም። ከዚያ መጋረጃው ውስጥ ገባሁ።

ሰውየው ጨዋ ነበር። ሻይ ጠጣ፤ ዳንቴሉን አደነቀ፤ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ «የእህቴ» ሲለው በድምፁ ኩራት ነበረበት። መጫወት ጀመሩ። ወንድሜ ሲመራ ነበር። ቀጥ አለ፤ አጓራ፤ ጠቆረ። እንደገና አበሩት፤ ፈጥኖ ጠፋ። ሦስተኛው ጊዜ ጨዋታው ሳይጀመር ነው የጠፋው። ሰውየው ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ወንድሜ፣ ይሄ አንዳንዴ አይደለም» አለው።

ወንድሜ ደሴ ቀኑን ሙሉ እንደሠራ፣ የደሴዎቹን መጠየቅ እንደሚችል ሊነግረው ጀመረ። ሰውየው አዳመጠው። አምኖት አልነበረም፤ ውሸታምም አላለው። ብረቱን ለቁራሌው ቢሰጠው እንደሚሻለው መክሮት፣ ለሻዩ እናቴን መርቆ ወጣ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጀርባውን ነው ያየሁት። መጋረጃውን ጨብጬው ነበር።

ማክሰኞ ሁለቱን ሰዎች መናኸሪያ ሸኝቶ ተመለሰ። እናቴ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ሰጋጃዋ ላይ ብዙ ቆየች። እኔም የፈለግኩትን አገኘሁ። ወንድሜ ግን የመንገዱን በር ዘግቶ አግዳሚው ላይ ተኛ። አይበላም፤ ቢበላም ሁለት ጉርሻ ነው። እናቴ እንዲነሣ ስትለምነው ከቆየች በኋላ በአራተኛው ቀን እንዲህ አላት፦

«እማ፣ ተይኝ። እኔ አጠገብ ያለ ነገር ይሞታል። ጀልባዋም ላይ የሞተው አጠገቤ የተቀመጠው ነው።»

እናቴ ስለ ጀልባዋ ያን ጊዜ ነው የሰማችው። ቁጭ ብላ ሁሉንም አስነገረችው። ሲነግራት ድምፁ ጠፍጣፋ ነበር፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር። እሱን ላስቀርበት ያልኩት ኮምፒውተር በእሱ ላይ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባኝ። የጠፋው ብረት ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ ሰው ጋር ቆጥሮታል።

በማግስቱ እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ ከመጋረጃው ወጣሁ።

«አያ» አልኩት። ቀና አላለም። «ኮምፒውተሩ አልሞተም። እኔ ነኝ።»

ልብሱን አወለቅኩት። አበራሁት። ጌሙን እኔ ስከፍት ሲያይ ተነሥቶ ተቀመጠ። እጁን ይዤ ጎኑ ላይ ወንፊቱ ጋ አደረግኩት፤ አየሩን ተሰማው። መናገር ስላቃተኝ ያሳየሁት በእጄ ነው። እሱ ጆይስቲኩን ያዘ። ተጫወተ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሌላም ጨመረ። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ «አየር አጥቶ ነው! እስትንፋሱን ነው የዘጋንበት!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ጨዋታውን አቆመው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዓርብ።»

«የትኛው ዓርብ?»

እሱ ቆጠረ። ሲቆጥር ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር።

«ሰውየው ሲመጣ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ማነው ያለበሰው?»

«እኔ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልብሱን አግዳሚው ላይ ዘረጋው፤ ከውስጥ የሰፋሁትን አቡጀዲ በጣቱ እየነካ አየው። በሁለት አጥፎ፣ እንደገና አጥፎ፣ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ሰውየውን ቁጭ ብዬ ስለምነው በመጋረጃ ታይኛለሽ» አለ። «ለምን እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ግን ታይኛለሽ።»

ለእናቴ አልነገራትም። አቧራ ነበር፤ አጸዳሁት፤ ከእንግዲህ ሲሠራ አይሸፈንም ብቻ አላት። ዐይን ይገባበታል ብላ ተጨነቀች፤ በመጨረሻ ማታ ሲጠፋ ብቻ እንድትሸፍነው ፈቀደላት። በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ተመልሶ መጣ፤ ኮምፒውተሩ አሁን ስለማይጠፋለት ለሽንፈቱ የሚያመካኝበት እያጣ ተቸገረ። ወንድሜ ከሰዎቹ ጋር ይስቃል። እኔ ያቀረብኩለትን ምግብ ግን አይበላም ነበር፤ ራበኝ ሳይል እናቴ እስክትመጣ ይጠብቃል። ይህ አርባ ቀን ያህል ቆየ። ሁለቱ የሰፈራችን ሰዎች የመን ደርሰዋል የሚል ወሬ መጣ፤ አንደኛው ብቻ ነው የሚል ሌላ ወሬም መጣ። እርግጡን የነገረን የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ክፍሉን ስጠርግ ገባና ሽቦዎቹን እየሰካ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ ቁርስ ስጪኝ አለ። አቀረብኩለት። በላ። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ ተናገረ።

«የምሄድ ከሆነ ነግሬሽ ነው የምሄደው። አንቺም እንዳልሄድ የምትፈልጊ ከሆነ በአፍሽ ንገሪኝ። በብረት አታስመክሪኝ።»

«እሺ» አልኩ።

«አሁን ንገሪኝ።»

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ ሰው ደጃፉ ላይ ደርሶ ጫማውን ከጭቃ እያራገፈ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንደማደርገው ጓዳ ለመግባት እግሬ ተነሥቶ ነበር። አልገባሁም። ሰውየው እየሰማ፣

«አትሂድ» አልኩት።

ወንድሜ ፎጣውን ሰቀለ። እሺም አላለ፤ አልሄድምም አላለ። ኮምፒውተሩን አበራና ለሰውየው ጆይስቲኩን አቀበለው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍት እሰማለሁ። አንዳንድ ቀን ደላላው ያልፋል፤ ወንድሜ ወጥቶ ትንሽ ያነጋግረዋል። ተመልሶ ሲገባ መጥረጊያዬን አቁሜ ፊቱን አያለሁ። እስካሁን እሄዳለሁ ብሎ አልነገረኝም።